«ፍሬኑ ደህና ነው»

ጋራዡ ውስጥ «ጥሩምባ» ነው የሚሉኝ፤ ያውም ከኋላዬ ሳይሆን ፊት ለፊቴ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ስፈታና ስገጥም፣ ከሞተር በላይ ለመሰማት ስጮህ የኖርኩበት ጉሮሮ ቤት ስገባም አይበርድም። እንግዲህ የእህቴን ባል ጉድ የሠራው ይሄ አፌ ነው። አይ፣ እንዲህ ስል ደግሞ በአፌ አሳብቤ ላመልጥ ነው። አፌ ጀመረው፣ እጄ ጨረሰው።

የእህቴ ባል የጥርስ ሐኪም ነው። ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፁን ከሰው የተበደረ የሚመስል ሰው። ከአምስት ዓመት በፊት ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ የስፖርት መኪና ገዛ። ግራጫ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ስትነሳ ወንበሯ ጀርባ የሚመታ መኪና። ምን ያደርግባታል መሰላችሁ? እሁድ ጠዋት ዳቦ ይገዛባታል! በቃ። ዳቦ ቤት ደርሶ ይመለስና በለስላሳ ጨርቅ ወልውሎ፣ ሽፋኗን አልብሶ ወደ ቤቱ ይገባል።

እኔ ይሄን ሳይ ደሜ ይፈላል። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የእሁድ ምሳዬ እህቴ ቤት ስለሆነ፣ በየሳምንቱ ሳላነሳበት አልውልም።

«ዶክተር፣ አንበሳ ገዝተህ ወተት ብቻ እያጠጣህ ትኖራለህ እንዴ? እሷ እኮ ለውድድር ሜዳ ነው የተሠራችው!»

«እኔ እሽቅድምድም አልወድም፣ ጋሼ።» እሱም እንደ እህቴ ጋሼ ነው የሚለኝ።

«ማን ተሽቀዳደም አለህ? ቅዳሜ ቅዳሜ ባለመኪናዎቹ ሜዳውን ተከራይተው ይነዱበታል። አሰልጣኝ አለ፣ አምቡላንስ አለ፣ እግረኛ የለም፣ ኳሱን ተከትሎ የሚገባብህ ሕፃን የለም። መንገድ ላይ ብትረግጣት የሰው ነፍስ ታጠፋለህ። እዚያ ግን...»

«እዚያ የራሴን» አለና ሁላችንንም አሳቀን።

ደግሞ አንዳንዴ ይከራከረኛል። «የጥርስ መሰርሰሪያዬም ኃይለኛ ነው፣ ጋሼ። እስከ መጨረሻው ረግጬው ግን አላውቅም። አንድ ነገር ይችላል ማለት ይደረግበት ማለት ነው እንዴ?» መልስ ሳጣ ደግሞ ድምፄ ይጨምራል።

አንድ እሁድ አላስችል አለኝ። «ምን ያዞርሃል ዶክተር፣ ፈርተህ ነው!» አልኩት፣ ሚስቱ ፊት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ በእኔ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። ሹካውን አስቀመጠ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለ።

እህቴ አልወደደችውም። ወደኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አንተ በእጅህ ፈትሸህ ካላየሃት አይሄድም። አንተ ካየሃት ግን አንድ ቃል አልናገርም።»

«በኔ ይሁንብሽ!» አልኳት፣ ደረቴን እየመታሁ።

ሐሙስ ዕለት መኪናዋን ጋራዥ አመጣልኝ። ሜዳው ያለ መካኒክ ፊርማ መኪና አያስገባም፤ የሚሞላ ወረቀት አለው። ጎማውን አየሁ፣ የጎማ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ የፍሬን ሸራውን ለካሁ፣ ሁሉም ሸጋ ነው። መጨረሻው መስመር ላይ «የፍሬን ዘይት የተቀየረበት ቀን» ይላል። ከስድስት ወር መብለጥ የለበትም።

ለማያውቅ ልንገር። የእግርን ጉልበት ከፔዳሉ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ያ ዘይት ነው። ጠባዩ ክፉ ነው፤ መኪናው ቆሞም ቢሆን ከአየሩ ላይ እርጥበት እየጠጣ ይከርማል። ከተማ ውስጥ ምንም አይታወቅም። ሜዳ ላይ ግን ፍሬኑ ሲግል፣ የጠጣው ውኃ ይፈላና አረፋ ይሆናል። ያኔ ፔዳሉን ብትረግጥ አየር እንደመርገጥ ነው፤ ወለል ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ የፍሬን ዘይት የሚቀየረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዕድሜ ነው። ይሄን ለሠራተኞቼ እስኪሰለቻቸው ድረስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? የተነዳችውን አየሁ፤ በአምስት ዓመት ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር። «ይቺማ ገና ጡት ያልጣለች ናት» አልኩ። ዘይቱንም ብርሃን በሚያሳልፈው መያዣው በኩል አየሁት፣ ጥሩ ይመስላል። ለእሷ የሚሆነው ዓይነት ደግሞ መደርደሪያዬ ላይ የለም፤ ቢታዘዝ ሰኞ ነው የሚደርሰው። ሜዳው ቅዳሜ ነው። ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ አንድ ሳምንት ከተሰጠው ሐሳቡን ይቀይርና ወደ ዳቦው ይመለሳል። እኔ ደግሞ ያሸነፍኩትን ክርክር መልሼ ልከራከር ነው። ዘይቱን ሳልቀይር የዕለቱን ቀን ጻፍኩና ፈረምኩ። ለአንዲት የምሳ ክርክር ስል።

ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ። ሲጀምር እየፈራ ነበር፤ ኩርባው ላይ ሁሉም ያልፈዋል፣ እሱ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ይላል። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ «ርገጣት! ርገጣት!» እያልኩ ሰው አደነቁራለሁ። በሁለተኛው ዙር ተለወጠ። አሰልጣኙ አብሮት ተቀምጦ አሳየው፣ መስመሩን ያዘ። ለዕረፍት ሲወርድ ፀጉሩ በላብ ተጣብቆ፣ ፊቱ በርቶ፣ አይቼው የማላውቀው ሰው መስሏል። መጥቶ አቀፈኝ።

«ጋሼ፣ አምስት ዓመት አብሬያት ኖሬ መተዋወቃችን ገና ዛሬ ነው! እግዜር ይስጥህ።»

«አላልኩህም? አሁን ብቻህን ግባ። ቀጥታው ላይ አትሳሳላት!»

ብቻውን ገባ። አራተኛው ዙር ላይ ረጅሙን ቀጥታ እየበረረ መጣ። ከኩርባው በፊት ፍሬን የሚያዝበት ምልክት አለ። ምልክቱ ጋ ሳይደርስ ነው የኋላ መብራቶቹ የበሩት። በጊዜው ይዟል። መኪናዋ ግን አልቀነሰችም። መብራቱ ጠፋ፣ በራ፤ ጠፋ፣ በራ። ፔዳሉን ደጋግሞ እየረገጠ ነው። ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ከዚያ ከኩርባው ማዶ ያለው አሸዋ፣ አቧራው፣ ለመከላከያ ከተደረደሩት ጎማዎች ጋር የተጋጨችበት ድምፅ።

በሕይወት ወጣ። ቀኝ እጁን በግራው ታቅፎ ወጣ። እሱን አምቡላንስ ሲወስደው፣ መኪናዋን ጎትተው እስኪያወጧት አርባ ደቂቃ ያህል ሄደ። የሜዳው መካኒክ ገብቶ ፔዳሉን ረገጠው። «ፍሬኑ ደህና ነው፣ ድንጋይ ነው» አለ። ይደነድናላ! ዘይቱ ሲበርድ አረፋው ይጠፋል፣ ፔዳሉም ይመለሳል። ይሄንንም አውቃለሁ። ከቆሙት አንዱ «የጥርስ ሐኪም ነው አሉ፤ ቤንዚን መስጫውና ፍሬኑ ተምታቶበት ይሆናል» አለና ሳቁ። አንዲት ቃል ብናገር በቂ ነበር። ጥሩምባው፣ ሰው አፉን የሚፈራው እኔ፣ ምን አልኩ?

«ምን ይደረግ፣ የመጀመሪያ ቀኑ እኮ ነው» አልኩ።

ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ለብቻዬ ስሆን ትዝ ሲለኝ ጮክ ብዬ አቃስታለሁ፤ ሰው ቢሰማኝ አበደ ይላል።

የእጁ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በብሎን ተጠገነ። መኪናዋ እኔ ጋራዥ መጣች። ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ጠብቄ የፍሬን ዘይቱን ቀዳሁትና በእርጥበት መመርመሪያው ለካሁት፤ ውኃ በዝቶበታል የሚለው ቀይ መብራት በራ። እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አየሁና የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ደፋሁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ እያደር ይደፈርስ ጀመር።

እሁድ ደረሰ። መቅረት ነበረብኝ፤ ግን ብቀር ምን ይላሉ ብዬ ሄድኩ። እህቴ ለባሏ ሥጋ እየቆረጠችለት ትነጫነጫለች። «ወንድሜ ብሎን በብሎን አይቶ የሰጠህን መኪና! እግርህን እንኳ ማየት ያቅትሃል?» እሱ አንገቱን ይደፋል። «እውነትሽን ነው» ይላል። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ድንቹን እጎርሳለሁ። በሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። በየመሃሉ ልናገር አፌን እከፍታለሁ፤ «ጨው አቀብሉኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ።

አራተኛው እሁድ ላይ እህቴ በደስታ ተቀበለችኝ። ሐኪሞቹ እጁ በሦስት ወር ውስጥ እንደ ድሮው ይሆናል ብለውታል። ቁጭ እንዳልን ግን ባሏ ሹካውን በግራ እጁ እያገላበጠ፣

«እጄስ ይድናል» አለ። «ሥራ ግን አልመለስም። ክሊኒኩን የሚረከበኝ ወጣት ሐኪም አግኝቻለሁ። ነገ ጠዋት እንፈራረማለን።»

«ምን አልክ?» አለች እህቴ።

«ሁለታችሁንም ልዋሻችሁ አልፈልግም። ያን ቀን እግሬ ፍሬኑ ላይ የነበረ መስሎኛል። ፔዳሉ ወለል ድረስ ሲገባ ተሰምቶኛል፤ ማል ብትሉኝ እምል ነበር። ሰዎቹ አይተው ደህና ነው አሉ። እንግዲያው እግሬ ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው፣ ጭንቅላቴ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። የገዛ እግሩ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው እንዴት የሰው አፍ ውስጥ መሰርሰሪያ ያስገባል? አልችልም። እፈራለሁ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ አንተንም ይቅርታ። ፈራህ ያልከኝ እውነትህን ነው። በሰው ፊት አሳፈርኩህ።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሃያ ሁለት ዓመት የተማረበትንና የሠራበትን ሙያ ሰውዬው ነገ ጠዋት ሊያስረክብ ነው፤ ለኔ ደግሞ ይቅርታ ይለኛል።

«ወርዷል» አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ደገምኩት። «ፔዳሉ ወርዷል፣ ዶክተር። እግርህ ፍሬኑ ላይ ነበር። የፍሬን ዘይቱ አምስት ዓመት የቆየ ነው፣ ፈልቶ ነው። ሳልቀይረው ቀየርኩ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሲበርድ ስለሚመለስ ነው ደህና ነው ያሉት።»

እሱ ሹካውን አስቀመጠ።

«ወለሉ ድረስ?» አለ።

«ወለሉ ድረስ። ደጋግመህም ረግጠሃል፤ መብራቱን አይቻለሁ። ሰው ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ አድርገሃል።»

ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አለቀሰ ብዬ ነበር፤ ቀና ሲል ግን እንባው እየወረደ ይስቃል። «እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር!» አላት ለሚስቱ። «ሰማሽ? እኔ እኮ እያበድኩ መስሎኝ ነበር!» ተነስቶ በአንድ እጁ ስልኩን ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ጀመር፤ ለወጣቱ ሐኪም አሁኑኑ ሊደውል።

እህቴ እሱን አላየችውም። ዓይኗ ከኔ ላይ አልተነቀለም።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

ዘይቱን ስቀዳ ነው ብል ትንሽ ይቀልልኝ ነበር። «ያን ጊዜውኑ» አልኳት።

«እዚያው ሜዳው ላይ?»

«እዚያው።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ምንኛ በቀለለኝ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ እየቆጠረች የምትናገር ይመስል፣

«ሦስት እሁድ» አለች። «ሦስት እሁድ ሙሉ ይሄን ሰውዬ እንደ ሕፃን ሳዋርደው፣ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ምሳዬን ትበላ ነበር።»

ሳህኔን ገፋ አደረግሁ።

«ተይው እንጂ፣ ነገረን እኮ» አለ ባሏ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ። ከዚያ ቃሉ እንዴት እንደሚወጋኝ ሳያውቅ «አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። ምነው በጥፊ ባለኝ!

እህቴ ተነሳች። ያልጨረስኩትን ሳህን ከፊቴ አነሳችና ወደ ቆሻሻው ገለበጠችው። ሳህኑን አጥባ መደርደሪያው ላይ እስክታስቀምጥ ድረስ ቆሜ ጠበቅኋት፤ ዞር ብላ አላየችኝም። በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ።

ሰኞ ዕለት ሜዳው ቢሮ ሄጄ፣ ያ መካኒክ ባለበት ሁሉንም ተናገርኩ። ስሜን ከፈራሚዎች ዝርዝር ላይ ሰረዙት። እሱ እንኳ አልከበደኝም። ሐኪሙ በየሳምንቱ ይደውልልኛል፤ እጁ እየዳነ ነው፣ ሥራም ሊመለስ ነው። «ና እንጂ፣ እሁድ ብቅ በል» ይለኛል። ከጀርባው የሳህን ድምፅ ይሰማኛል፤ እሷ እዚያው አጠገቡ እንዳለች አውቃለሁ። ትንሽ እጠብቃለሁ፣ ምናልባት አንድ ነገር ትላለች ብዬ። «ሥራ በዝቶብኛል» እለውና እዘጋለሁ።