የአፓ ቢጫ መሀረብ

“ምነው ክኩ እንዲህ ነጣ?” አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡት አሮጊት፣ ሳህናቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርገው እያዩ።

“የለቅሶ ቤት አይደል እንዴ እትዬ? እርድ አይገባበትም” አለቻቸው ምግቡን ከቤቷ ሠርታ ያመጣችው ጎረቤት።

“እሱንማ መች አጣሁት! ግን የአፓ ቤት እኮ ነው። እዚህ ቤት ውሃው ራሱ ቢጫ ነበር።”

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቁም ወዲያው በነጠላቸው ጫፍ ታፈነ። ናሊኒ ግን ከተቀመጠችበት ተነሣች። ወደ በሩ ሄዳ የእንግዶቹን ጫማ መደርደር ጀመረች። ከጠዋት ጀምሮ የደረደረችውን ነው ደግማ የምትደረድረው። አባቷ አፓ ከሞቱ ወዲህ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አቅቷታል። ተቀምጣ ካዳመጠች፣ በረንዳው ላይ ወንድሟ ዲንካር ለወንዶቹ የሚያወራው ጆሮዋ ይገባል።

“ሐኪሞቹ ስድስት ወር ነበር ያሉት” ይላል ዲንካር። “እኔ ግን እርዱን አስጨመቅኩት፣ በእንክብል አስሞላሁት፣ በየጠዋቱ በዚህ እጄ ሰጠሁት። ሁለት ዓመት ኖረ! መርፌ የሚባል ነገር ሳይነካው!”

“ጉድ ነው!” ይላሉ ወንዶቹ።

ናሊኒ የያዘችውን ጫማ አስቀመጠችው። መርፌ ነክቷቸዋል። መርፌው ሲገባ የአባቷን እጅ የያዘችው እሷ ነበረች።

አፓ በሳንግሊ ከተማ የእርድ ገበያ ዕድሜያቸውን የፈጁ ደላላ ነበሩ። ጥፍራቸው፣ የኮታቸው ኪስ፣ የጆሯቸው ጀርባ ሳይቀር ቢጫ ነው። አንጀታቸው ውስጥ ካንሰር የተገኘ ጊዜ ገበያው በሙሉ “እርድ ሻጭም ይታመማል እንዴ?” ብሎ ተደነቀ። እሳቸውም ኮራ ብለው “ይታመማል፤ ግን ዕቃው ከራሱ ሱቅ ነው” አሉ። ከዚያ በየጊዜው “ናርሶባ ቤተ መቅደስ ልሳለም” እያሉ አውቶቡስ መሳፈር ጀመሩ። ገበያው አፓ በስተርጅና ጸሎተኛ ሆነ ብሎ ቀለደ።

ናርሶባ የሚሉት በአጎራባቿ ከተማ በሚራጅ ያለውን ሆስፒታል ነበር። ናሊኒ ሚራጅ ታስተምራለች፤ ባል አላገባችም፤ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። አባቷን ልትወስድ በመጣች ቁጥር ጣቢያው በሰው ይጨናነቃል። ቀዩ አውቶቡስ ገና ሳይቆም ሰው በሩ ላይ ይረባረባል፤ አፓ ግን አይጋፉም። በጎን በኩል ዞረው ቢጫ መሀረባቸውን በመስኮት ወርውረው ወንበሩ ላይ ያሳርፉታል። ከዚያ እየተዝናኑ ይገባሉ።

“ቦታ የሚያዘው እንዲህ ነው፣ አስተማሪዋ!” ይሏታል መስኮት ዳር እየተመቻቹ።

ሐኪሟ ዘንድ በቀረቡበት በመጀመሪያው ቀን የዲንካርን የእንክብል ብልቃጥ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት። ሐኪሟ ጽሑፉን ቀስ ብላ አነበበችው።

“የእርድ ተዋጽኦ ነው። አንቲኦክሲደንት፣ ሕዋስን ከጉዳት የሚጠብቅ፣ ይሉታል” አለች። “ሰዎች እያጠኑት ነው፤ ይረዳዎ እንደሆነ ገና በርግጠኝነት አይታወቅም። እንዳልቆጣዎ የሚውጡትን ሁሉ ይንገሩኝ። የኬሞ መርፌውን በሚወስዱባቸው ቀናት ይተዉታል፤ በመሀል ስፈቅድልዎ ይውጣሉ። ግን ይስሙኝ አባባ፤ ከመርፌው ጋር ነው እንጂ በመርፌው ፈንታ አይደለም።”

“ሰማሻት?” አሉ አፓ ወደ ናሊኒ ዞረው። “ዕድሜ ልኬን በጆንያ የሸጥኩትን በባቄላ ልክ ልትሰፍርልኝ ነው!”

ግን ታዘዙ። ኬሞውን በወሰዱ ቁጥር በናሊኒ ክፍል ውስጥ ተኝተው ያስመልሳቸዋል። ጠጉራቸው እንዳያስነቃባቸው አልፈሩም፤ መላጣ ከሆኑ ቆይተዋል። “እሱ ቀድሞ ገብቶት ነው የሄደ” ይላሉ። ሲሻላቸው ከሆስፒታሉ በር ላይ የወተት ጣፋጭ ይገዙና ከናርሶባ ደጅ ያመጡት በረከት ነው ብለው ለዲንካር ይሰጡታል። ዲንካር ጣፋጩን ግንባሩን አስነክቶ ይበላዋል። ናሊኒ ሳቋን መቆጣጠር ያቅታትና ወደ ጓሮ ትወጣለች።

“ለምን አትነግረውም?” አለቻቸው አንድ ቀን።

“ወንድምሽ የጀመረው ሁሉ ሲከሽፍበት ነው የኖረው” አሉ አፓ። “አሁን አባቴን አዳንኩ ብሎ ቀና ብሎ ይሄዳል። ይመን። ማንን ይጎዳል? በይ በራሴ ማዪ፤ አትናገሪም።”

በራሳቸው ማለች። ያ ራስ አሁን አመድ ሆኖ ወንዝ ገብቷል። መሐላው ግን አብሮት አልተቃጠለም።

እንግዶቹ በተሰበሰቡበት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ኩሱም መጣች። ኩሱም ከፊት ለፊት ባለው ቤት የምትኖር፣ ሳቋ ከሰፈሩ ጫፍ የሚሰማ ሴት ነበረች። ጡቷ ላይ ካንሰር ከተገኘባት በኋላ ግን ሳቋ ቀንሷል። ናሊኒን በክንዷ ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

“እኔ እኮ ትቼዋለሁ።”

“ምኑን?”

“መርፌውን። ሁለቴ ወሰድኩት፣ አንጀቴ ሊወጣ ነበር። ሦስተኛው ቀጠሮ አለፈ። ዲንካር የአፓን እንክብል ሰጠኝ። አፓን ሁለት ዓመት ካቆመ እኔንስ ምን ይለኛል?”

“ማንን ይጎዳል?” ብለው ነበር አባቷ። የሚጎዳው ሰው ይኸው በእግሩ መጥቶ ክንዷን ይዟታል።

“እትዬ ኩሱም፣ ሐኪምሽን ጠየቅሽ?”

“ምን ይጠየቃል? አፓ ምስክሬ! እሱ መርፌ ወስዷል እንዴ?”

ናሊኒ አፏን ከፈተች። በረንዳው ላይ ዲንካር ይናገራል፤ ድምፁ አባቱን ያዳነ ሰው ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ከተወሰደበት ምን ይቀረዋል?

“ውሃ ላምጣልሽ” አለችና ወደ ጓዳ ሸሸች። ገንቦው አጠገብ ቆማ በራሷ ተናደደች። ከዚያ ወዲህ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ በሩ ድረስ ሄዳ የኩሱምን ቤት ታያለች፣ ትመለሳለች።

አፓ በሞቱ በአሥረኛው ቀን ቤተሰቡ ወደ ክሪሽና ወንዝ ወረደ። ዲንካር ጠጉሩን ተላጭቷል። ካህኑ ለሟቹ የቀረበውን ድብልብል ሩዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኖረና ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቁራ መጥቶ ከነካው ሟቹ ልቡ ሞልቶ ሄዷል ማለት ነው። ካልነካው በልቡ የቀረ ነገር አለ፤ ያን ጊዜ የቆመው ሰው የሟቹን ምኞት እየገመተ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቃል ይገባለታል።

ቁራዎቹ የቤተ መቅደሱ ጣሪያ ላይ ናቸው። አንዱም አይወርድም።

“አፓ! ጣሪያውን አስጠግናለሁ!” አለ የነናሊኒ የአጎት ልጅ።

የወረደ ቁራ የለም።

“መሰላልህን እመልሳለሁ!” አለ አንድ ጎረቤት።

“መሰላሉ አንተ ጋ ነበር?” አለ ሌላው፤ ሰዎች ሳቃቸውን ዋጡ። ቁራዎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ዲንካር ወደ ፊት ወጣ። ፀሐዩ የተላጨ ራሱን ያቃጥለዋል። “አፓ፣ አንተን ያዳንኩበትን ለታመመ ሁሉ አደርሳለሁ! ቃሌ ነው!”

አንድ ቁራ ክንፉን አራገፈና እዚያው ቀረ። ዲንካር ሲመለስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ያን ጊዜ ኩሱም ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ደረጃውን ወረደች።

“አፓ!” አለች ጮክ ብላ። “ያንተን መንገድ እከተላለሁ። መርፌ ዳግመኛ በገላዬ አይገባም። ቃሌ ነው!”

ቁራው ወረደ።

ቁራው ድንጋዩ ጫፍ ላይ አረፈ፤ አንዴ ዘለለ፤ አንገቱን አዘንብሎ ሩዙን አየ። ኩሱም ፊቷ በደስታ በራ። አንዴ ቢነካላት ከእንግዲህ ማንም ሰው፣ የትኛውም ሐኪም ሐሳቧን አያስቀይራትም።

“ሂድ!” ብላ ጮኸች ናሊኒ። እጇን እያጨበጨበች ደረጃውን በሩጫ ወረደች። “ሂድ! ሂድ ከዚህ!”

ቁራው ተነሥቶ በረረ፤ ሌሎቹም ከጣሪያው ተከትለውት ሄዱ።

“አበደች!” አለ አንዱ። “አባቷን ከነረሃቡ ሰደደችው!”

ናሊኒ ሩዙ ፊት ቆመች። “አፓ፣ ይቅር በለኝ። መሐላዬን ላፈርስ ነው” አለች። ከዚያ ወደ ኩሱም ዞረች። “ወስዷል። መርፌውን ወስዷል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ናርሶባ እያለ ሚራጅ ነበር የሚመጣው። እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ።”

“ውሸት!” አለ ዲንካር።

“ያንተንም ውጧል፣ ወንድሜ። ሐኪሟ በፈቀደችለት ቀን አንዷንም አልጣለም። ከመርፌው ጋር ግን።”

ዲንካር ብዙ ሊል ፈልጎ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው። “ጣፋጩስ? ግንባሬን አስነክቼ የበላሁት?”

“ከሆስፒታሉ በር ላይ ነው የገዛነው።”

ዲንካር ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ኩሱም ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ቁራ ስላልተመለሰ ካህኑ ከሣር የቁራ ምስል ጠምዝዞ ሩዙን አስነካው። ለለቅሰኞቹ ይህ ይበቃል፤ ለናሊኒ ግን አልበቃትም። አባቷን ከማዕዳቸው ያባረረች መሰላት፤ ያም ሆኖ ኩሱም ዳግመኛ ቃል ብትገባ ዳግመኛ ከማባረር የማትመለስ መሆኗን ታውቀዋለች።

በማግስቱ ጠዋት የሚያናግራት አልነበረም። ከበር እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ በር ትመላለስ ነበር። የኩሱም በር እንደተዘጋ ቆየ። ፀሐዩ በረንዳውን ሲሞላ በሩ ተከፈተና ኩሱም የጨርቅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል።

“ቀጠሮዬን አሳልፌያለሁ” አለች መንገዱ መሀል ቆማ። “ይቀበሉኝ ይሆን?”

“መጀመሪያ ይቆጡሻል። ከዚያ ይቀበሉሻል።”

“አብረሽኝ ትመጫለሽ?”

ለቅሶው ገና አላበቃም፤ ልጅ ከለቅሶ ቤት ወጥታ መንገድ መሄድ ነውር ነው። ናሊኒ ጫማዋን ከደረደረችው መሀል ፈልጋ አጠለቀች።

“ናሊኒ!” አለ ከኋላዋ ዲንካር። የተላጨ ራሱን ስታየው አፓ የቆሙ መሰላት። ሊቆጣ ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን የአባቱን ቢጫ መሀረብ ዘረጋላት።

“ያለዚህ ቦታ አታገኙም” አለ፤ ቀና ብሎ አላያትም። “መስኮት ዳር ነበር የሚቀመጠው?”

“ሁልጊዜ።”

ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ገባ።

ጣቢያው እንደ ወትሮው ተጨናንቋል። ቀዩ አውቶቡስ ሳይቆም ሰው በሩ ላይ ተረባረበ። ናሊኒ በጎን በኩል ዞራ መሀረቡን በመስኮት ወረወረችው። ተሳፍረው ሲደርሱ አንድ ጎረምሳ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ብሏል።

“ተነሥ አንተ፣ መሀረቡ አይታይህም?” አለው ትኬት ቆራጩ። “ሰው አለው።” ከዚያ ከናሊኒ ጀርባ ዓይኑን እያማተረ “አባባስ?” አላት።

ናሊኒ መሀረቡን አንሥታ ኩሱምን መስኮት ዳር አስቀመጠቻት፤ እሷም አጠገቧ ተቀመጠች። መሀረቡ አፓን አፓን ይሸታል። ፊቷን ቀበረችበት፤ ከሞቱ ወዲህ አልወጣ ብሏት የነበረው ልቅሶ ወጣላት።

ቀና ስትል እንባዋ የነካው ፊቷ ሁሉ በመሀረቡ እርድ ቢጫ ሆኗል። ኩሱም ደነገጠችና ልትጠርግላት እጇን ሰነዘረች፤ በለቅሶ እርድ አይነካም።

ናሊኒ እጇን ያዘችው።

“ተዪው፣ ይቆይ” አለች።