ዘጠኝ ሰከንድ

«እዚያች ዝምታ ላይ እጅሽን ብታሳርፊ አልምርሽም!» አለ የድራማው አዘጋጅ በስልክ። «የዛሬው ክፍል በአስራ አንድ ሰዓት ቴሌቪዥን ጣቢያው መድረስ አለበት። አንድ ሰዓት ነው የቀረሽ፤ ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ» ብላ ዘጋችበት። ያቺን ዝምታ ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ቆርጣ ጥላታለች።

ሥራዋ ኤዲቲንግ ነው፤ የተቀረጸውን መቁረጥና መቀጠል። በዛሬው ክፍል አንድ መንፈስ የአንድ አባት በር ያንኳኳል። «የሞተውን ወንድ ልጅህን እመልስልሃለሁ፤ በምትኩ በሕይወት ያለችውን ሴት ልጅህን ስጠኝ» ይለዋል። አባትየው ወዲያው «አልሰጥም!» ማለት ነበረበት፤ ድርሰቱ እንደዚያ ነው የሚለው። ተዋናዩ ግን ዘጠኝ ሰከንድ ሙሉ ዝም ብሎ በሩን አየ። ከዚያ ነው «አልሰጥም» ያለው።

ለሌላው ሰው ግሩም ትወና ነው። ለእሷ ግን ተዋናዩ የገዛ አባቷ ነው። ወንድሟ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፤ የቀረችው ልጅ እሷ ብቻ ናት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት! ይሄኛው ዝምታ ሆዷ ገብቶ ሲበላት ነው የዋለው።

በሩ ተከፈተ። አባቷ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፤ ደረጃው አድክሞት ያለከልካል።

«ልጄ፣ እዚያ በሩ ጋ ያለችውን ነገር አሳጥሪልኝ። ቃሉ ጠፍቶብኝ ነው።»

«አንተ? በአርባ ዓመት አንዲት ቃል ጠፍታህ የማታውቀው ሰውዬ?»

«እርጅና ነዋ!»

«ተው እንጂ አባዬ! እኔንም እንደ ተመልካች ልትሸውደኝ?» ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «ልትሰጠኝ አስበህ ነበር?»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«በሩ ላይ ወንድምሽ የቆመ መሰለኝ» አለ። «አስቤያለሁ፣ ልጄ፤ አልዋሽሽም። አንዴ ብቻ ባቅፈው ብዬ… ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝና አፈርኩ። እናትሽ ዛሬ ማታ ታየዋለች፤ ይገባታል። በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ደሟ ፈላ። ማውሱን አሽቀንጥራ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ወዲያው ደግሞ የራሷ ጉድ ትዝ አላት። ወንድሟ በተቀበረ ማግስት መታጠቢያ ቤት ቆልፋ ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ «ምነው በእኔ በሆነ!» እያለች ነበር ያለቀሰችው። ያን ቀን መንፈሱ የእሷን በር ቢያንኳኳ አንድ ሰከንድም አትቆይም ነበር።

«እኔ ብሆን ‹ውሰደኝ› ብዬው ነበር፣ አባዬ» አለችው። «አንተ ግን አልሰጠኸኝም።»

አባቷ አፉን ከፈተ። አሁን እንኳ በእውነት ቃል ጠፋው።

ሰዓቷን አየች። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። የቆረጠችውን ቦታው መለሰችው፤ ዘጠኙንም ሰከንድ። ከሥር የነበረውን ሙዚቃ ግን አጠፋችው።

«እናትሽስ?» አለ አባቷ።

«ስልክህን አውጣና ደውልላት» አለችው፣ ክፍሉን ወደ ጣቢያው እየላከች። «ሳንመጣ ቴሌቪዥኑን እንዳትከፍተው፤ ሦስታችን አብረን ነው የምናየው በላት።»