የቢፍቱ መያዣ

«አንድ መቶ አርባ አንድ፣ አንድ መቶ አርባ ሁለት…»

ፋናዬ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ጣቷን በምላሷ ታረጥብና የመጽሐፉን ቅጠል ትገልጣለች። ከፊቷ ናዝሬት የምትባል ተማሪ በርከክ ብላ ትጠብቃለች። ልጅቷ ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ መጽሐፉን በነጠላዋ ሸፍና ነበር ያመጣችው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እርስ በርሱ ይተያያል።

«አንድ መቶ ስድሳ። ሙሉ ነው» አለች ፋናዬ። እጇን ፍራሹ ሥር ሰደደችና የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ከውስጡ አንድ የቆመ የእጅ ሰዓት ፈልጋ ለልጅቷ ሰጠቻት። ልጅቷ ጉልበቷን ስማ፣ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች።

ጎረቤቷ አበራሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ፋናዬ፣ ምን ይሉሻል? ባሏን በቀበረች በማግስቱ መጽሐፍ ትቆጥራለች ይሉሻል እኮ።»

«ይበሉ።»

«ለቀስተኛው ሁሉ ብብቱ ሥር አንድ ነገር ሸጉጦ ነው የሚመጣው። ጠዋት አንዱ ጎረምሳ ዳቦ ይዞ የመጣ መስሎኝ ልቀበለው ስል፣ የፊዚክስ መጽሐፍ!»

ፋናዬ ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ከዚያ ሐዘኑ ያዛት። «በሙት እጅ የሰው አደራ አያድርም፣ አበራሽ። እስከ ሠልስቱ ሁሉንም መመለስ አለብኝ። ነፍሱ እንዳትታሰር።»

ሟቹ ባሏ ሣህሌ ከትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ ከወጣ በኋላ የወጣቶቹን ቤተ መጻሕፍት ነበር የሚጠብቀው። ቤተ መጻሕፍቱ አሰላ ገበያው መሀል፣ ከሱቆቹ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በአንድ ወገን የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ይንጫጫል፣ በሌላው ወገን ሞባይል ጠጋኙ ዘፈን ይከፍታል፤ መሀሉ ላይ አርባ ወንበርና ዝም ያሉ ልጆች። መጽሐፍ ወደ ቤቱ መውሰድ የሚፈልግ ልጅ መያዣ ይሰጣል። ሣህሌ ውድ ነገር አይቀበልም ነበር። «ተመልሰህ የምትመጣለትን ነገር ስጠኝ» ይላል። አንዱ የአባቱን ሰዓት፣ አንዷ የእናቷን ሻሽ ትሰጣለች። መያዣዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ማታ ማታ ይዞ ይገባል፤ የሰው ነገር ቢሮ ውስጥ ማሳደር ይፈራል።

መጽሐፍ ሲመለስ ደግሞ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ፈተና ሲደርስ ከመሀል የሚገነጥሉ አሉና። ሲያውስም፣ ሲቀበልም ነው። ሰው መጥቶ ቢያቋርጠው ከመጀመሪያው እንዳይጀምር፣ የደረሰበት ላይ አንዲት የስንዴ አገዳ ጣል ያደርጋል። አንዳንዴም እዚያው ይረሳታል። ፋናዬ ፊደሉ ቢያስቸግራትም ቁጥር አይጠፋባትም፤ የተመለሱትን ይዞ ቤት ሲመጣ አብራው ትቆጥር ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ልጆቹ የሚያነብ መስሏቸው ገጹን እስኪገልጥ ጠበቁት። ብዙ ጠበቁት።

ረቡዕ ወደ ማታው ላይ፣ ልጆቹ ከቢሮው ባመጡላት ቆርቆሮ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፋናዬ እሱን ማየት አትፈልግም። ፍራሹ ላይ ስትገላበጥ የቆርቆሮው ጠርዝ ጭኗን ሲነካት፣ በውስጡ ያለውን ታስታውሳለች።

በአሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቢፍቱ መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሳጉሬ ልጅ ናት፣ አሰላ ውስጥ ከዲሮ በሚባለው አጎቷ ቤት ተቀምጣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ደግማ ልትወስድ ታጠናለች። ጥቁር ሻሽ አስራለች። ፋናዬ አንገት ላይ ተጠምጥማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሰው ልቅሶዋን ነው የሚሰማው፤ እሷ ግን በልቅሶው መሀል በጆሮዋ ታወራታለች።

«እማማ፣ ቆርቆሮው ውስጥ አለ?»

«አለ፣ ልጄ።»

«አጎቴ መጽሐፉን እያሰሰ ነው። የገብስ ጆንያዎቹ መሀል ከትቼዋለሁ። ነገ ስድስት ሰዓት ደላላው ወደ ዓረብ አገር ሊወስደኝ በመኪና ይመጣል። ፓስፖርቴ ከሌለ አይጠብቀኝም፣ በእኔ ቦታ የምትሄድ ሌላ ፈላጊ አለችው።»

«የራስሽ ፓስፖርት ነው፤ እንኪ፣ ውሰጂው።»

«እኔ ጋ ገባ ማለት እሱ ጋ ገባ ማለት ነው። አይስጡኝ።» ልጅቷ በጣም ጨመቀቻት። «እማማ፣ ናኢማ ስልክ ካነሳች ስምንት ወሯ ነው።»

ናኢማ ታላቅ እህቷ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች። በመጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ከዚያ በየወሩ። የመጨረሻዋ ጥሪ ላይ ሳትናገር፣ እየተነፈሰች ብቻ ቆይታ ነው የዘጋችው።

ቢፍቱ ስትሄድ ፋናዬ ሣህሌ ያንን ፓስፖርት ይዞ የገባበትን ቀን አሰበች። ሁለት ወር አይሞላም። እራቱን አቀረበችለት፤ አልነካም።

«ምነው?»

«አንዲት ልጅ የባዮሎጂ መጽሐፍ ልትዋስ መጥታ ይህንን በመያዣ ሰጠችኝ። ይህማ አይሆንም አልኳት። ‹ጋሽ ሣህሌ፣ መጽሐፉ ካልተመለሰ መያዣው አይመለስም፣ ደንቡ አይደለም?› አለችኝ። ደንቡማ ነው አልኳት። ‹እንግዲያው እኔ መጽሐፉን አልመልስም› አለችኝ።»

«እና ተቀበልካት?»

«ተቀበልኳት። አጎቷ ቢመጣብኝስ፣ ፋናዬ? ፈራሁ።»

እሱ ሁሉን ይፈራ ነበር። ነጎድጓድ ይፈራል፣ ውሻ ይፈራል፣ ፖሊስ ሲያይ ከሩቁ ሰላምታ ያቀርባል። በወጣትነቷ ፈሪ ባል ደረሰኝ ብላ ያዘነችበት ጊዜም ነበር። ያንን ፓስፖርት ግን በእነዚያ በሚንቀጠቀጡ እጆቹ ጠዋት ይዞት ይወጣል፣ ማታ ይዞት ይገባል። ከዲሮ ሁለት ጊዜ ቢሮው ድረስ መጥቶበታል። ሁለቱንም ጊዜ «መጽሐፉ ሲመለስ» ብቻ ነው ያለው። ቤት ሲገባ ሸሚዙ ከጀርባው ርሶ ነበር።

ሐሙስ ሠልስቱ ወጣ። ዘመድ ከዲክሲስና ከዴራ መጥቶ ድንኳኑ ሞልቷል። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከመንገዱ ዳር መኪና ቆመ። ፋናዬ ገና ሳታየው አወቀችው።

ከዲሮ ጫማውን በሩ ላይ አራግፎ ገባ። ከኋላው ቢፍቱ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል። አጎቷ ብብት ሥር ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ ጠርዙ ላይ የገብስ አቧራ ተጣብቆበታል።

«እትዬ ፋናዬ፣ አላህ ያጽናዎት። ጋሽ ሣህሌ የዋህ ሰው ነበር» አለና ከፊቷ ቁጭ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚህ ሰዓት አይወራም፤ ይቅር ይበሉኝ። እሱ ‹መጽሐፉ ሲመለስ› ብሎኝ ነበር። ይኸው።»

ፋናዬ ቆርቆሮውን ከፍራሹ ሥር ዳበሰችው። የለም ልትለው አሰበች። ግን የሣህሌ አስከሬን ተጋድሞ የነበረው እዚሁ፣ እሷ በተቀመጠችበት ነው። እዚህ ላይ ውሸት እንዴት ይወጣል? እሰጣለሁ ብላም አሰበች፤ ልጅቷን አየች። ሻንጣዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

«ለምንድን ነው የምትልካት፣ ከዲሮ?»

«እናታቸው ከሳጉሬ በየቀኑ ትደውልልኛለች፣ እትዬ። ናኢማን የላክኳት እኔ ነኝ። ደላላው ቢፍቱ እዚያው ከተማ ስለምትገባ እህቷን ታገኛታለች ይላል።»

«አንተ ታምነዋለህ?»

ከዲሮ መሬት መሬቱን አየ። «ወላሂ እንጃ። ካላመንኩት ለእናቲቱ ምን እላታለሁ?»

ፋናዬ እጇን ዘረጋች። «መጽሐፉን አምጣ። ልቁጠረው።»

«ሙሉ ነው እትዬ፤ ምን አስቆጠረው?»

«የሁሉንም ቆጥሬ ነው የተቀበልኩት።»

አበራሽ ከጎኗ ሆና ስታዳምጥ ቆይታለች። አሁን የንፍሮውን ሳህን አነሳችና ከዲሮ ፊት አስቀመጠችው። «እውነቷን ነው፤ እስኪሰለቸን ነው የቆጠረችው። ዝገን እንጂ ከዲሮ፤ በሠልስት የመጣ ሰው ንፍሮ ሳይቀምስ አይነሳም።»

ፋናዬ ጣቷን አረጠበች። «አንድ። ሁለት።»

ቀስ ብላ ነበር የምትቆጥረው። አንዱን ቅጠል ገልጣ ትዳብሰዋለች፣ አገላብጣ ታየዋለች፣ ከዚያ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ሃምሳ ላይ አዲስ ለቀስተኞች እየጮሁ ገቡ፤ አለቀሰች፣ አስለቀሷት። ሲቀመጡ፣ «የት ነበርኩ?» አለች። ማንም አያውቅም። ከአንድ ጀመረች።

ከመንገዱ ዳር ጥሩምባ ተነፋ። ከዲሮ ተቁነጠነጠ። ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ከማዶ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አዩት። ሐዘንተኛን ማን ያቻኩላል? አፉን መልሶ ንፍሮውን በጣቱ ያንከባልላል።

ሰማንያ። ዘጠና። ጥሩምባው ደጋግሞ ጮኸ። ስልኩ ጠራ። «መጣሁ፣ ትንሽ ታገሠኝ» አለና ዘጋው። ፋናዬ ቅጠሉን የሚገልጠው እጇ የሣህሌ እጅ የመሰላት ጊዜም ነበር። ቀና ብላ ቢፍቱን አላየቻትም። ብታያት ቁጥሩ ከአፏ የሚወጣ አልመሰላትም።

አንድ መቶ ዐሥር ላይ ገለጠችና ቆመች።

ቅጠሉ መሀል አንዲት የስንዴ አገዳ ተጋድማለች። ሁለት ወር ሙሉ ተጨፍልቃ እንደ ክር ቀጥናለች። ያን ቀን ለቢፍቱ ሲቆጥርላት ሰው አቋርጦት፣ እዚህ ድረስ መጥቻለሁ፣ ከዚህ እቀጥላለሁ ብሎ ያስቀመጣት ናት።

ፋናዬ ለረጅም ጊዜ አየቻት። የከዲሮ ስልክ እንደገና ጠራ። እሱ ስልኩን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ በሩ ላይ የቆመችውን የወንድሙን ልጅ አየ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲያበቃ፣ አውራ ጣቱን ጫን አድርጎ አጠፋው። ከመንገዱ ዳር የመኪናው ሞተር ተነሳ፤ ድምፁም እየራቀ ሄደ።

ፋናዬ አገዳዋን በሁለት ጣቷ አነሳች። የነጠላዋ ጫፍ ላይ አድርጋ በጥንቃቄ ቋጠረቻት። ከዚያ መጽሐፉን ከደነችው፣ ጭኗ ላይ አስተካከለችው፣ ጣቷን አረጠበች።

«አንድ» አለች።