የጥርስ ሐኪሙ መጋረጃ

ሰፈሩ «ጋሽ ቀጥ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሱሪ ከተኮሰ መስመሩ ቀጥ ነው፤ ነገሩም ቀጥ ነው፤ አንገቱም፣ በተለይ ሚስቱ ተሳስተሃል ስትለው፣ ቀጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ላውንደሪ ከፍቶ ሲሠራ የአንዱን ሸሚዝ ለሌላው ሰጥቶ አያውቅም። ይህንንም የሚናገረው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እስኪናገርለት የሚጠብቅ ዓይነት ሰው አይደለም።

ታዲያ የልጁ ሠርግ ነገ ሊሆን ዛሬ ምሽት፣ ሳሎኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው ሞልቶ፣ ዘመድ እያጨበጨበ፣ የሙሽራዋ ጓደኞች ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ እየጨፈሩ፣ ጋሽ ቀጥ ከሱቁ ተሸክሞ ያመጣውን ነጭ የጨርቅ ከረጢት መኝታ ቤት ገብቶ ከፈተ። እናት፣ ሙሽራና አንደኛዋ ሚዜ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። ከከረጢቱ የወጣው ግን የሠርግ ልብስ ሳይሆን መጋረጃ ነበር።

ነጭ፣ ንጹሕ፣ በወጉ የተተኮሰ መጋረጃ። የሚንጠለጠልባቸው ቀለበቶች እንኳ ሳይቀሩ አብረው አሉ።

«ይኼ ከኋላ የሚጎተተው ነው?» አለች ሚዜዋ።

ጋሽ ቀጥ ከረጢቱን ገለበጠው፣ አራገፈው፣ እጁን ከትቶ ዳበሰው። ሌላ ነገር የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የሙሽራዋ ልብስ ከልብስ ሰፊዋ ቤት የመጣው ተጣጥፎ በካርቶን ነው። መተኮስ አለበት። እናትየው «ለሌላ ሰው እንስጠው» ብላ ነበር። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ስለሆነች ባሏንም የምታስረዳው እንደ ተማሪዎቿ ቀስ ብላ፣ ጣቷን እየቆጠረች ነው። «አንደኛ፣ ዐይንህ ደክሟል። ሁለተኛ፣ ልጁን የሚድር አባት ልቡ እቦታው የለም። ሦስተኛ፣ እልኸኛ ነህ።» ልጅቷ ግን «አባዬ ያልተኮሰውን አልለብስም» ብላ ነገሩን ቆረጠችው። በዚያች ቃል ጋሽ ቀጥ ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

ዛሬ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኮሰው። ዳንቴሉ እንዳይጎዳ ከሥሩ ፎጣ አነጠፈ፤ እጅጌውን የጨቅላ ክንድ የያዘ ይመስል ቀስ እያለ አገላበጠው። ከዚያ በነጭ ከረጢት ከተተው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ነገር ግን በጋሽ ቀጥ ሱቅ ቁጥር ሳይሰካበት የሚሰቀል ጨርቅ የለም፤ የገዛ ኮቱን እንኳ ሲያወልቅ ቁጥር ይሰካበታል። ለልጁ ልብስም ቁጥር ቆረጠ። ሊሰካው ሲል ስልኩ ጮኸ፤ የሚስቱ ወንድም ነው፣ ስለ ሠርጉ ወንበር። ዘግቶት ሳይጨርስ ደግሞ ጮኸ፤ አሁንም እሱ ነው፣ ስለዚያው ወንበር። ጠረጴዛው ላይ ቁጥሩ ገና ያልተሰካበት ሌላ ነጭ ከረጢት ነበር። ሁለት ከረጢት፣ ሁለት ቁጥር፣ በጆሮና በትከሻ መሃል የተቀረቀረ አንድ ስልክ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን ቁጥሮቹን ሲያቀያይር ማፍሰሱንም አላወቀ። ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ደረሰኝ ይዞ መጣ። ጋሽ ቀጥ ቁጥሩን ብቻ አየና የልጁን የሠርግ ልብስ በገዛ እጁ አንስቶ «ይመችዎ» ብሎ ሸኘው።

«የማን መጋረጃ ነው?» አለች እናትየው። ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ተማሪዎቿ ይህን ያውቃሉ፣ ባሏም ያውቃል።

«የጥርስ ሐኪሙ።»

«ስሙስ?»

«ጥርስ ሐኪሙ ብዬ ነው የመዘገብኩት።»

የጋሽ ቀጥ መዝገብ የሰው ስም አያውቅም። «ቀለም ያፈሰሰው»፣ «ቁልፍ በጣሹ»፣ «አማቷ የምትጨቀጭቃት» እያለ ነው የሚጽፈው። ደግነቱ ጥርስ ሐኪሙ ሩቅ አይደለም፤ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ፎቁ ላይ አዲስ ክሊኒክ ሊከፍት ነው፤ የሚኖረውም እዚያው ነው።

ሙሽራዋ መጋረጃውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀለበቶቹን ትነካካለች። ጋሽ ቀጥ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ሌላው ሁሉ ሲጠራጠረው እሷ አመነችው፤ ጉድ የሠራውም እሷኑ ነው።

«ልጄ፣ ሳልይዘው አልመለስም» አላትና ጫማውን በወጉ ሳያጠልቅ ወጣ።

በሩ ላይ የሚስቱ ወንድም፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ ያዘው። «ስለዚያ ወንበር...»

«ወንበርህን ይዘህ ገደል ግባ! መኪናህን አስነሳ!»

የሐኪሙን ደረጃ ገና ሲወጡ የሴት ድምፅ ተቀበላቸው።

«እኮ ማን ናት? ስሟን ንገረኝ!»

«ኧረ እኔ ያስጠብኩት መጋረጃ ነው!»

«መጋረጃ እጅጌ አለው?»

ጋሽ ቀጥ በሩን ደበደበ። ሐኪሙ ከፈተ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከኋላው ሚስቱ የሠርጉን ልብስ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ጋሽ ቀጥ ልብሱን፣ ሐኪሙ ጋሽ ቀጥን አየ። ከሁለቱ ማን ይበልጥ እፎይ እንዳለ መናገር ያስቸግራል።

«እግዜር ነው የላከዎት!» ብሎ ሐኪሙ ተጠመጠመበት። «እስቲ ይንገሩልኝ፣ ምንድን ነበር የሰጠሁዎት?»

«መጋረጃ።»

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ወንድ ወንድን መቼ አጋልጦ ያውቃል!» አለች ሴትዮዋ። «ሙሽራዋን በዐይኔ ሳላይ ይኼ ልብስ ከእጄ አይወጣም።»

ልመናም ምሕላም ቢደረደርላት ወይ ፍንክች። ስለዚህ ሁሉም ታክሲው ውስጥ ገቡ፤ እሷ ልብሱን ታቅፋ ከፊት፣ ሁለቱ ጥፋተኞች ከኋላ። ሹፌሩም ጆሮ አገኘሁ ብሎ ሃያ ወንበር እንደጎደለው ተረከላቸው። ሐኪሙ ጣልቃ ገባ። «ለታካሚ መጠበቂያ የገዛሁት ሃያ ምናምን ወንበር አለ፣ እስካሁን ማንም አልተቀመጠበትም። ዛሬ ከዚህች ሴት ካተረፋችሁኝ ውሰዱት!» ጋሽ ቀጥ ይህን አልሰማም። ዐይኑ ከፊት መቀመጫው፣ ከልብሱ ጫፍ ላይ ነው፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ልቡ አብሮ ይዘላል።

ቤት ሲደርሱ እልልታው ከውጭ ይሰማል። ጋሽ ቀጥ ግራ ተጋባ፤ እሱ የጠበቀው ለቅሶ ነው። በሩን ሲከፍት ልጁ መጋረጃውን በቀበቶ ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ቀለበቶቹን እያንሿሿች፣ መሃል ሳሎን ትጨፍራለች። እናቷ ሳትቀር ታጨበጭባለች።

«ቢገኝም ባይገኝም ነገ አገባለሁ!» ትላለች ሙሽራዋ። «ሰውዬው የሚያገባው እኔን ነው!»

«መጋረጃዬ!» አለ ሐኪሙ።

ሚስቱ ሙሽራዋን አየች፣ ልብሱን አየች፣ ባሏን አየች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ልብሱን ለእናትየው አስረከበችና ባሏን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀችው። በትዳራቸው ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ሐኪሙ ለአጠገቡ ሰው ሁሉ ሲናገር አመሸ።

ጋሽ ቀጥ ግን አልሳቀም። ልብሱ በጠቡ መሃል ሲጎተት ተጨማዷል፤ አንደኛው እጅጌ ተኮማትሯል፣ ቀሚሱም የታኘከ መስሏል። ሊያቃናው እጁን ዘረጋ። መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ለሌላ ሰው እንስጠው» አለ ቀስ ብሎ። «እናትሽ እውነቷን ነው። እኔ በቅቶኛል።»

ጭብጨባው ቆመ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያን አንገት ደፍቶ ያየ የለም።

ልጅቷ ቀለበቶቿን እያንሿሿች መጥታ ፊቱ ቆመች። «አባዬ፣ እኔ የፈራሁት ልብሱን አይደለም። ልብስ ይገኛል። ነገ እንደዚህ አንገትህን ደፍተህ አጠገቤ እንዳትቆም ነው የፈራሁት።»

እናትየው ወደ ጓዳ ገባች፤ የመተኮሻውን ጠረጴዛ እየጎተተች ተመለሰችና ዘረጋችው። ካውያውን ሰካች። የገዛ ፎጣዋንም አምጥታ ከሥር አነጠፈች።

«ና፣ ተኩስ» አለችው። «ከአንተ ሌላ ማን ይነካዋል!»

ጋሽ ቀጥ ካውያውን አነሳ። ልጁ ባንድ ወገን የቀሚሱን ጫፍ ወጠረችለት፣ ሚስቱ በሌላው። እጅጌው ላይ ሲደርስ ዕንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ሊጠርገው ቢል ሁለቱም እጁ ተይዟል።

«ውሃ መርጫ ላምጣለት?» አለች የሐኪሙ ሚስት።

«ተይው» አለች እናትየው፣ የራሷን ዐይን በክንዷ እየጠረገች። «እንደምታዪው ከራሱ እያወጣ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ቀጥም ከነዕንባው ሳቀ፤ የእጅጌውንም መስመር ቀጥ አድርጎ አወጣው።