ለርቢ የሰጠኋት ድመት

ሌላው ሰው ድመት የሚመርጠው በቴሌግራም ፎቶ ነው፤ እኔ ጎጃም ውስጥ ፈረስ ቤት ከምትባል ከተማ አጠገብ ያደግሁ የገበሬ ልጅ ነኝና እንደ በግ ነው የመረጥኳት። ባሕር ዳር ፐርሺያን የሚሉትን ባለ ረጅም ፀጉር ድመት ግልገል የምትሸጥ ሴትዮ ቤት ገብቼ መጀመሪያ እናቲቱን አሳዪኝ አልኳት። ከዚያ የግልገሎቹን ድድ ገለጥኩ፣ ሆዳቸውን ዳበስኩ፣ ጭራቸውን ሁሉ አነሳሁ። ሴትዮዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። አብራኝ የሄደችው እፀገነት አፍራብኝ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እፀገነት ኮሌጅ ሳለን ጀምሮ ከአንድ ሳህን የበላን ጓደኛዬ ናት። እህት የለኝም፤ እሷ ነበረች እህቴ። «ይቺን ውሰጃት» ብላ ነጭ፣ ሰማያዊ ዓይን ያላት ግልገል አቀፈች። ከኋላዋ ሄጄ አጨበጨብኩ፤ ግልገሏ ዞር እንኳ አላለችም። ጆሮዋ አይሰማም። እኔ ያነሳሁት ግራጫዋን ነው፤ ዓይኗ እንባ የማያዝረበርብ፣ ሆዷ ያልተነፋ፣ የግራ የፊት እግሯ ብቻ ነጭ የሆነ።

«ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣነው አመድ ልትገዢ ነው?» አለችና ሳቀችብኝ። ስሟን ዳመና አልኳት።

ፍኖተ ሰላም የምኖረው ብቻዬን ነው። ቀኑን ሙሉ ከተማሪ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ ስመለስ በር ላይ የምትጠብቀኝ ፍጥረት አገኘሁ። ስታድግ ዝርያዋ ሳይበላሽ ላራባት ፈለግሁ፤ ከተማው ውስጥ ግን የእሷ ዓይነት ወንድ ጠፋ። እፀገነት በምትኖርበት በቡሬ፣ ጎረቤቷ ቤት አንድ አለ። ስለዚህ አገሬው ላምና በግ እንደሚሰጣጠው ለርቢ ሰጠኋት፤ እፀገነት ትቀልባታለች፣ ስትወልድ ግልገሎቹን እኩል እንካፈላለን፣ እናቲቱ ለእኔ ትመለሳለች። ምስክር አላቆምንም። በእኔና በእሷ መካከል ምን ምስክር ያስፈልጋል ብዬ ነው።

መንገድ ተዘግቶ በሰነበተበት ሰሞን ደወለች። ዳመና ምጥ ጠንቶባት ሞተች፣ ግልገሎቿም አልተረፉም፣ ጓሮ ቀበርኳት አለችኝ። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ቆየት ብዬ ግን «ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ አይዞሽ» እያልኩ እሷን ማባበል ያዝኩ።

ለፋሲካ አገር ቤት ስሄድ አባቴ ነገሩን ሰሙ።

«ቆዳዋን አሳየችሽ?» አሉኝ።

እኛ ዘንድ ለርቢ የተሰጠ ከብት ከሞተ ተቀባዩ ቆዳውን ገፎ ለባለቤቱ ያሳያል። ሳያሳይ ሞተ ቢል ማንም አይቀበለውም።

«አባባ፣ ድመት እኮ ናት። የድመት ቆዳ ማን ይገፋል?»

«ኋላ እንዳትጠራጠሪያት ብዬ ነው እንጂ ቆዳው ምን ሊያደርግልሽ ልጄ።»

ደሜ ፈላ። እፀገነትን ሌባ አደረጓት ብዬ በዓሉን ሳልጨርስ ተመለስኩ። አባቴን ተቀይሜ ስልካቸውን ሳላነሳ ከረምኩ፤ ለማን ብዬ እንደሆነ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

ሰኔ ላይ ፈታኝ ሆኜ ቡሬ ተመደብኩ። ድንገት ደርሼ ላስደስታት ብዬ ሳልደውል ቤቷ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ አማቷ፣ እማማ ወለተ ሐና ናቸው። ከግሽ ዓባይ በቅርብ የመጡ ስለሆኑ አያውቁኝም።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። እፀገነት ገበያ ደርሳ ልትመጣ ነው፤ አረፍ በይ።»

ሶፋው አጠገብ ካርቶን ውስጥ ግራጫ ድመት ተጋድማ ግልገሎቿን ታጠባለች። የግራ የፊት እግሯ ነጭ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ታምራለች አይደል?» አሉ እማማ። «ጓደኛዋ ናት የሰጠቻት። ሕሊና የምትባል አስተማሪ ነበረች አሉ። ታማ በልጅነቷ ተቀጨች። ድመቴን አደራ ብላ ነው የሞተችው። እኔም ጸሎት ሳደርስ ስሟን ሳልጠራ አልቀርም፤ ነፍሷን ይማር።»

ሕሊና እኔ ነኝ። «አሜን» አልኩ።

እፀገነት ገባች። እንዳየችኝ ፌስታሏን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቀረች።

«እማማ፣ ይቺ… የሥራ ሰው ናት» አለች።

ዓይኗ ይለምነኛል። ስሜን ልናገር አፌን ከፍቼ እማማን አየኋቸው። ሳያውቁኝ አዝነውልኛል፤ እሳቸውን ማስደንገጥ አልሆነልኝም። ዳመናን ላንሳት ጎንበስ አልኩ፤ ግልገሎቹ፣ ሁለተኛ ወሊዷ መሆን አለበት፣ ገና ዓይናቸውን አልገለጡም። እሷንም ተውኳት።

እፀገነት እስከ ውጭ በር ሸኘችኝ። በመንገዱ ሁሉ ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እውነት ለመናገር ብትለኝ ይቅር የምላት ይመስለኛል።

«ልጆቼ ለምደዋት ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እማማም ባለቤቷ ማናት፣ መቼ ትወስዳታለች እያሉ ሲነዘንዙኝ… ብቻ ስላላጋለጥሽኝ እግዜር ይስጥሽ። ከእንግዲህ ግን ሳትደውዪ አትምጪ፣ እሺ?»

«የሞተ ሰው አይደውልም፣ እፀገነት» አልኳትና የሚያልፈውን ባጃጅ አስቆምኩ።