«ምንም የለባትም»

«ተይው! ተይው አልኩሽ!» አለች ታላቅ እህቷ፣ ስፖንጁን ከእጇ መንጭቃ። «ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው ወይስ ሰርግ?»

አስዋቢዋ በምትሠራበት የውበት ሳሎን መስታወት ፊት ቆማ ግማሽ ፊቷን ተቀብታ ነበር። ጠዋት ሙሽራ ስትኩል ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ብሩሹ ከእጇ ወድቆ የልጅቷን ነጭ ቀሚስ አበላሽቶታል። የሳሎኑ ባለቤትም «ወይ ታከሚ ወይ ልቀቂ!» ብላ ሰው ፊት አዋረደቻት። እህቷ ይህን በስልክ ሰምታ ሥራዋን ጥላ ስትበር መጣች። ስትደርስ ታናሿ ፊቷን ታጥባ ቀና አለች፤ ያኔ እህቷ ክው አለች። ከአንዱ ጉንጭ ተነስቶ በአፍንጫዋ ላይ አልፎ እስከ ሌላው ጉንጭ በጥፊ የተመታ የሚመስል ቅላት ወጥቶባታል፤ እሱን ልትሸፍን ነው ዳግም መቀባት የጀመረችው።

«ከመቼ ወዲህ ነው ይሄ?»

«እኔ እንጃ እትዬ፣ ሰነበተ። ፀሐይ ሲነካኝ ይብሳል። እቀባበታለሁ፣ አይታይም።»

«ሐኪሙስ አይቶታል?»

«ሐኪሙ ጋ ስሄድም ተቀብቼ ነው።»

እህቷ ራሷን ያዘች። እውነትም የሚያናድድ ነው፤ ግን አስዋቢዋ ምን ታድርግ? ፊቷ የሥራዋ ማስታወቂያ ነው፤ እንኳን ሐኪም ቤት ጎረቤት እንኳ ሳትቀባባ ሄዳ አታውቅም። ስንቱን ሙሽራ ስታሳምር የኖረች ሴት ያውም ሰው ፊት ተዥጎርጉራ ልትቀርብ? ሞቷ ነው።

ሕመሙ የጀመራት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መላ አካሏን ሲያማት፣ ሲደክማት፣ እንቅልፍ ሲያጣት ሐኪሙ መርምሮ «ፋይብሮማያልጂያ» አላት፤ ሰውነትን ሁሉ የሚያሳምም፣ በደም ምርመራ የማይታይ በሽታ። ያኔ ምናልባት ልክ ነበር። ጉዱ የመጣው ባሏ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አግኝቶ ሲጠይቀው ነው። «አይዞህ፣ ምርመራዋ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለባትም» ብሎ ሸኘው። ወይ ጣጣ! ያቺ ቃል ቤት ገብታ ዱላ ሆነች። ልብስ ሳታጥብ ከዋለች «ምንም የለብሽም እኮ!» ጣቶቿ አብጠው ድስት ማውረድ ሲያቅታት «ምንም የለብሽም!» ኋላ ላይማ እሷም ሰነፍኩ እንዴ ብላ ራሷን መጠርጠር ጀምራ ነበር።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሙ ዛሬም ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል ጀመረ።

«ያው ሕመሙ ነው አይደል? ነግሬሻለሁ እኮ፣ ፋይብሮማያልጂያ ቶሎ የሚለቅ ነገር አይደለም።»

«እስቲ ቀና ብለው ይዩኝ» አለች፤ ቅባቱን እህቷ ሙልጭ አድርጋ አስታጥባታለች።

ቀና አለ። ተነስቶ መብራቱን አስጠጋ። ጣቶቿን አንድ በአንድ እየጫነ አየ። ጫማዋን አስወልቆ ቁርጭምጭሚቷን ሲጫነው ቦታው ጎድጉዶ ቀረ። ሽንቷ አረፋ ያበዛ እንደሆነ ጠየቃት፤ አዎ አለችው። ፀጉሯ ይረግፍ እንደሆነ ጠየቃት፤ አዎ አለችው።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

ደሟ ፈላ።

«ነገርኩዎት እንጂ! ጣቴ ያብጣል ስልዎት ‹ያው እሱ ነው› አሉኝ። እግሬ ያብጣል ስልዎት ‹ያው እሱ ነው› አሉኝ። ፊቴን የሸፈንኩት እኔ ነኝ፣ ይሁን፣ ጥፋቴ ነው። የእርስዎን ጆሮ ማን ሸፈነው?»

«አበጀሽ!» አለች እህቷ ከኋላ፣ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ደሟንና ሽንቷን አስመረመረ፤ የሽንቱ ውጤት ቀድሞ ሲመጣ የኩላሊት ጉዳት ምልክት የሆነው ፕሮቲን በብዛት ተገኘበት። ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ።

«ሉፐስ ሳይሆን አይቀርም። የሰውነት መከላከያ ዞሮ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ሕመሙና ድካሙ ከፋይብሮማያልጂያ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ግን ፋይብሮማያልጂያ እንዲህ መገጣጠሚያ አያሳብጥም፣ ኩላሊትም አይነካም። ይሄኛው ይነካል፤ የፊትሽ ቅላትም የእሱ ምልክት ነው። የደሙን ውጤት ቁጭ ብለን አንጠብቅም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትገቢያለሽ።»

«ኩላሊቴ ይተርፋል?»

«ቶሎ ከታከመ ተስፋ አለው። ዘግይተናል ግን፤ ደግሜ መመርመር ነበረብኝ።» ዓይኑን ሰበረ። «ፋይብሮማያልጂያውም ቢሆን እኮ ሕመም ነው እንጂ ‹ምንም› አይደለም።»

«ለባሌ እንደዚያ አላሉትም።»

ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው።

«የት ነሽ አንቺ? ቤቱ እንዳለ ተዝረክርኳል! ደግሞ ሐኪም ቤት ሄድሽ? ምንም የለብሽም አልተባልሽም እንዴ?»

ጩኸቱን የሰማችው እህቷ ስልኩን ቀምታ ልትሰድበው ተነሳች፤ ታናሿ ግን በእጇ መለሰቻት። ድሮ ቢሆን ታስረዳዋለች፣ ትለምነዋለች፣ አልቅሳ ትዘጋለች። ዛሬ ግን አንጀቷ አሯል። ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን ሐኪሙ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ባሌ ነው» አለች። «ያኔ የነገሩት እርስዎ ነዎት። አሁንም እርስዎ ይንገሩት።»