ከመኪናው ፊት የሮጠችው

ዳባት አካባቢ የትናየትን በስሟ የሚጠራት ሰው እየጠፋ ነበር። "ሌሎች" ነበር የሚሏት። ጥፋቱ የደጋ ኤፍ ኤም ነው። አራት ዓመት ሙሉ በክለብ ተቀጥራ ስትሮጥ፣ ሬዲዮው "ሊድያ አንደኛ ወጥታለች፤ ሌሎችም ተከታትለው ገብተዋል" ይልና ወደ ሙዚቃው ይሄዳል። ከሌሎቹ መካከል ሁለተኛዋ የትናየት መሆኗን ማን ይወቅ? አባቷ አቶ ገሠሠ ግን "ልጄ ሯጭ ናት" ብለው ለሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው አንድ ጊዜ አፋቸው አምልጧቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሽማግሎቹ በየእሁዱ ጠላቸውን እየተጎነጩ "ገሠሠ፣ ሌሎች እንዴት ከረመች?" ይሏቸዋል። አንዳንዱማ ልጅቷ ከተማ ምን እንደምትሠራ እግዜር ይወቀው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። አባቷ ይህን ባይነግሯትም ከሰው ሰምታ አንጀቷ አሯል።

ስለዚህ ከዳባት ወጣ ብሎ ተነሥቶ ደባርቅ የሚያልቀው የሃያ ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲደርስ፣ የትናየት የተመኘችው ዋንጫውን አልነበረም። ስሟ አንድ ጊዜ፣ ከነአባቷ፣ በሬዲዮ እንዲጠራላት ብቻ ነበር። ሩጫው እሁድ ነው። ሽማግሎቹ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው ሬዲዮ እንደሚከፍቱ ታውቃለች።

ሊድያ ማለት በየመንገዱ ሰሌዳ ላይ ወተት ይዛ የምትስቀው ናት። ጫማዋን ስታስር ዜና ነው፤ ስታስነጥስ ባለሙያ ተጠርቶ ትንታኔ ይሰጥበታል። የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሷታል ማለት እንዲህ ነው። የትናየት አትጠላትም ማለት ውሸት ነው። አራት ዓመት አብረው ሲሮጡ ከ"እንዴት አደርሽ" ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም።

የደጋ ኤፍ ኤሙ ጋዜጠኛ ቃለ አብ ፒካፕ ላይ ተጭኖ ሩጫውን በቀጥታ ያስተላልፋል። ሊድያን አንድ አፍታም ላለማጣት ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የተቀመጠው። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የትናየት ከሊድያ ጎን ሹልክ ብላ ወጣች፤ ፒካፑንም በግራ በኩል አልፋው ሄደች። ሹፌሩ አይቷል፤ ቃለ አብ ግን የመጠጥ ውኃውን እያነሣ ነበር። ቀና ሲል ሊድያ አለች፤ ሊድያ ካለች ሩጫው አለ። "ሊድያ ብቻዋን እየመራች ነው" ሲል የትናየት ከመኪናው ፊት ሁለት መቶ ሜትር ርቃ ትበር ነበር።

ደባርቅ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራት ግን ከማሳው በኩል ቀብር መጣ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ቃሬዛውን ተሸክሞ፣ አስፋልቱን አቋርጦ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሊወጣ ነው። በአገሩ ወግ አስከሬን ሲያልፍ ባለ በቅሎው ይወርዳል፣ መንገደኛው ይቆማል። ሯጭ ምን እንደሚያደርግ የነገራት አልነበረም፤ እግሯ ግን ራሱ ቆመ። ራሷን ዝቅ አድርጋ "ነፍስ ይማር" አለች፤ በሆዷ ደግሞ ሰልፉ እንዲያጥር ለመነች፤ በለመነችውም አፈረች።

ሟቹ ወዳጅ የበዛለት ሰው ነበርና ሰልፉ አላጠረም። ሊድያ ደረሰችና ቆመች። ፒካፑም ቆመ፤ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ቃለ አብ ምን እንደሆነ ሳይገባው፣ በሹክሹክታ፣ ሊድያ ምናልባት የጡንቻ ጉዳት ሳይደርስባት አልቀረም ብሎ አገሩን አሸበረ። አንድ በአንድ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሯጮች መንገድ ዳር ተደረደሩ። የትናየት ያን ያህል የደከመችበት ርቀት ዐይኗ እያየ አለቀ።

የመጨረሻው ለቀስተኛ አስፋልቱን ሲለቅ ሁሉም ሊፈተለኩ ጎንበስ አሉ። ሊድያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ከፊታቸው ቆመች።

"አርባ እስክቆጥር ማንም አይነቃነቅ" አለች። "ቅድም ያለፍነው ድልድይ ላይ ቆጥሬያለሁ፤ በአርባ ሰከንድ ነበር የቀደመችን። ሟቹ የሷን ቀዳሚነት ይዞ አይቀበርም።"

አንዷ እንዲህ ያለ ደንብ የት አለ ብላ ማጉረምረሟ አልቀረም። ሊድያ ወደ የትናየት ዞራ "ሂጂ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?" አለቻት። የትናየት ሄደች።

ሊድያ አርባን ከቆጠረች በኋላ ግን ርኅራኄዋን እዚያው ቆጥራ ጨርሳለች። እንደዚያ ቀን ሮጣ አታውቅም። ደባርቅ መግቢያ ላይ የትናየት የሊድያን ትንፋሽ ከጀርባዋ ሰማች፤ ጥርሷን ነክሳ በአምስት እርምጃ ቀድማት ገባች።

ካሜራው፣ ስልኩ፣ ሰዉ፣ ሁሉም አልፏት ወደ ሊድያ ሮጠ። ቃለ አብ እንባ እየተናነቀው ሊድያ ድሏን ለአንዲት ተወዳዳሪ አሳልፋ ሰጠች፣ እንዲህ ያለ ስፖርታዊ ጨዋነት አልታየም ይላል። አንዲት ተወዳዳሪ! የትናየት ማልቀስ ፈለገች።

ሊድያ ማይኩን ከእጁ ወሰደችው። "ምንም አልሰጠሁም" አለች። "እስክሞት ሮጬ አልደረስኩባትም። እሷን ጠይቃት።" ማይኩንም የትናየት እጅ ላይ አኖረችው።

ቃለ አብ የመጣለት ጥያቄ ስለ ሊድያ ጨዋነት ምን ተሰማሽ የሚል ነበር። የትናየት ሊድያ ጨዋ ናት አለች፤ ከልቧም አለችው። ከዚያ ግን አራት ዓመት የታመቀው ፈነዳ። "ሦስተኛ የወጣችው ሲሲ ናት" አለች። "አራተኛ ደብረወርቅ፤ ከወለደች ገና ዓመቷ ነው። አምስተኛ ገበያነሽ። ስድስተኛ ብርሃኔ፤ ጫማዋ ተቀዶ ነው የሮጠችው። ሰባተኛ..." እስከ አሥራ አንደኛዋ ሄደች። ትንፋሿን ስባ ወደ ራሷ ልትመለስ ስትል የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

ማይኩን መለሰች። ሰዉ ተመልሶ ሊድያን ከበበ። አሰልጣኟ ስልኳን ይዞ መጣ፤ የደወሉት አባቷ ናቸው።

"ልጄ፣ ድምፅሽን ለይቻለሁ" አሉ አቶ ገሠሠ። "እነዚህ የሰንበቴ ሰዎች ግን ስም አልተጠራም፣ የማንም ድምፅ ነው ብለው ድርቅ አሉብኝ። ስልኩን ጮክ እንዲል አድርገውልኛል። እስቲ ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪያቸው።"

ላቧን በክንዷ ጠረገች።

"የትናየት ገሠሠ ነኝ። አንደኛ ወጥቻለሁ።"

ወዲያ ማዶ የአንድ ሽማግሌ ጉሮሮ ተጠራረገ።

"አንድ ጊዜ ድገሚልን፣ ልጄ። ይሄ አጠገቤ ያለው ያርጋል ጆሮው ከበድ ይላል።"

የትናየት ደገመችው። አሁን ድምፅዋ ከፍ ስላለ ሊድያን የከበቡት ሁሉ ዞረው አዩዋት።